የአባትን ሎኮሞቲቭ ፍለጋ፦ እንቢ ስላለ ምዝገባና ስለተቋረጠ ፋይል

«ለዓምዱ አዘጋጅ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። አባቴ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ የዲዝል ሎኮሞቲቭ መካኒክ ናቸው። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቼ ኦፕን ሬይልስ የተባለውን የባቡር ጌም ጫንኩላቸው። እርሳቸው ግን የሚፈልጉት ሲጠግኑት የኖሩትን ዓይነት የአልስቶም ሎኮሞቲቭ ነው። እንዲህ ያለውን በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ የፈረንሳይ ሰዎች በነጻ የሚያድሉበት ድረ ገጽ አገኘሁ። ስመዘገብ የማረጋገጫ ኢሜይሉ አልመጣም፤ በሌላ ስም ብሞክር ‹አድራሻዎ ታግዷል› አለኝ። ሌላ ድረ ገጽ ተቀበለኝ፤ ነገር ግን ፋይሉ ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋና ተቋረጠ፤ እንደገና ስጀምር ‹የዛሬ ድርሻዎ አልቋል› አለኝ። እንደምንም የወረደውም የጎደለ ነገር አለ እያለ አይሠራም። አንድ ጓደኛዬ ሁሉም ያለበት ፍላሽ እሰጥሃለሁ ይለኛል። አባቴ ማታ ማታ ‹ዛሬም አልመጣም?› ይሉኛል። የሚከለክሉን ኢትዮጵያውያን ስለሆንን ነው? ፍላሹንስ ልውሰድ? የባቡር ሠራተኛው ልጅ»

ውድ የባቡር ሠራተኛው ልጅ፣

በቅድሚያ ልብዎን ያቆሰለውን ጥያቄ ልመልስ። ምዝገባዎ የተከለከለው በኢትዮጵያዊነትዎ ምክንያት ስለመሆኑ ከጻፉልኝ ውስጥ አንድም ምልክት አላገኘሁም። «አድራሻዎ ታግዷል» ሲባል አድራሻ የተባለው ስምዎም ኢሜይልዎም አይደለም፤ ኢንተርኔት ላይ ሲወጡ የሚታወቁበት ቁጥር ነው። በነባሩ ሥርዓት እነዚህ ቁጥሮች በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ሲሆኑ፣ ለየአህጉሩ የሚከፋፈለው ማዕከላዊ ክምችት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 ተሟጥጧል። ስለዚህ የሞባይል ኩባንያዎች እጅግ ብዙ ደንበኞችን በአንድ ቁጥር ሥር ያሰባስባሉ። አንድ የግቢ በር ያላቸው ብዙ ተከራዮች እንደማለት ነው፤ ውጪ ያለ ሰው ከበሩ የሚወጣውን እንጂ ማን ከየትኛው ክፍል እንደመጣ አያይም። ከእርስዎ ጋር ያንን ቁጥር ከሚጋሩት መካከል የአንዱ ስልክ በቫይረስ ተይዞ ማስታወቂያ ሲረጭ ከከረመ፣ ቁጥሩ የአይፈለጌ መልእክት ላኪዎች መዝገብ ውስጥ ይገባል። የትንንሽ ድረ ገጾች ምዝገባ ደግሞ ይህን መዝገብ አይቶ በሩን የሚዘጋው ያለ ሰው እጅ ነው። ገብተውበት በማያውቁት ቦታ ታግደው የተገኙት በዚህ መንገድ ይመስለኛል።

ይህን ስል አሠራሩ ፍትሐዊ ነው ማለቴ አይደለም። ወደ ኢንተርኔት ቀድመው የገቡ አገሮች ቁጥር በገፍ ስለያዙ፣ የጋራ ቁጥር ሸክሙ የሚበረታው ዘግይተን በገባነው ላይ ነው፤ ጥፋት የሌለበት ሰውም በማያውቀው ሰው ጥፋት ይቀጣል። አንድን አገር በጅምላ የሚዘጉ የድረ ገጽ አስተዳዳሪዎችም አይታጡም፤ ለእነርሱ ያለኝ አስተያየት መጥፎ ነው። ይሁንና አብዛኞቹ ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ የሰርቨር (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር) ኪራይ ከኪሳቸው የሚያወጡ፣ ከሥራ ሲመለሱ ሮቦቶች የጻፉትን የውሸት ምዝገባ ሲሰርዙ የሚያመሹ ሰዎች ናቸው። የጥንቃቄያቸው ምክንያትም ባዶ ፍርሃት አይደለም። በበረራ ጌም ወዳጆች ዘንድ ስመ ጥር የሆነው አቭሲም የተባለ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በሜይ 2009 በሰርጎ ገብ ሲጠቃ ሁለቱም ሰርቨሮቹ ወድመዋል። መጠባበቂያ ተብሎ የተያዘው ቅጂ አንዱ ሰርቨር ለሌላው የሚይዘው ስለነበር፣ የብዙ ዓመታት የበጎ ፈቃደኞች ሥራ በአንድ ጊዜ አደጋ ላይ ወደቀ። እንዲህ ያለውን ያየ አስተዳዳሪ በሩን ቢያጠብ ልረዳው እችላለሁ።

አሁን ወደሚደረገው እንሂድ። በመጀመሪያ፣ ሦስተኛ ምዝገባ አይሞክሩ። ከአንድ ቁጥር በተለያየ ስም መመዝገብ ሮቦቶች የሚያደርጉት ስለሆነ ጥርጣሬውን ያጠናክራል። ቪፒኤንም (የሚታወቁበትን ቁጥር በሌላ ቦታ ቁጥር የሚተካ አገልግሎት) ይተዉት፤ ብዙ ሰው የሚመክረው ቢሆንም የነጻ ቪፒኤን ቁጥሮች ከእርስዎ ቁጥር ይልቅ በመዝገቡ ውስጥ የሰፈሩ ናቸው፣ ትላንት ከድሬዳዋ ዛሬ ከኔዘርላንድስ የሚገባ ሰውም አመኔታ አያገኝም። የተሻለው ኢንተርኔት የሚያገኙበትን መስመር መቀየር ነው። በዚህ ረገድ ድሬዳዋ ዕድለኛ ከተማ ናት፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022 እዚያው በእናንተ ከተማ ነው። በኢትዮ ቴሌኮም ሲም ተሞክሮ የታገደ ሰው በሳፋሪኮም ሲም፣ ወይም በሳፋሪኮም የታገደው በዘመድ ቤት ባለ የኢትዮ ቴሌኮም ዋይፋይ ቢሞክር የሚታየው ቁጥር ሌላ ይሆናል። በአዲሱ መስመር ግን አዲስ ስም አያውጡ፤ በመጀመሪያው ስምዎ ለመግባት ይሞክሩና የማረጋገጫ ኢሜይሉ እንደገና እንዲላክልዎ ይጠይቁ።

የኢሜይሉ መጥፋት ራሱን የቻለ ምክንያት አለው፤ ከአገርዎ ጋርም አይገናኝም። ጉግል ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ወደ ጂሜይል የሚላክ መልእክት ላኪው ማንነቱን በቴክኒክ ፊርማ እንዲያረጋግጥ አጥብቆ ይጠይቃል። ከዛሬ 15 እና 20 ዓመት በፊት የተሠሩና ከዚያ ወዲህ ብዙ ያልተነኩ የትርፍ ጊዜ ድረ ገጾች ይህ ፊርማ የሌላቸው ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ የሚልኩት መልእክት ወይ ስፓም ውስጥ ይገባል ወይ ጭራሽ ሳይደርስ ይመለሳል። ስለዚህ ስፓም የሚለውን ክፍል ይፈትሹ፤ እንደገና አስልከው በአንድ ቀን ውስጥ ካልመጣ የቀረው ተስፋ በቀጥታ ለአስተዳዳሪው መጻፍ ነው። ከጂሜይል ውጪ በሌላ ድርጅት የተከፈተ ኢሜይል ካለዎት ደብዳቤውን ከእርሱ ይላኩት፤ መልሱ የመድረስ ዕድሉ ይሰፋል።

የይለፍ ቃልን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። እንዲህ ያሉ ድረ ገጾች ልባዊ ቢሆኑም ጥበቃቸው ደካማ ነው፤ አንድ ቀን የሰዎች የይለፍ ቃል ቢሰረቅ አይገርምም። ለእነርሱ የሚያወጡት የይለፍ ቃል ከኢሜይልዎ ጋር አንድ አይሁን፤ የቴሌብር የምስጢር ቁጥርዎን ቁጥሮች ደግሞ በምንም ዓይነት አይድገሙበት። ደብተር ላይ ጽፈው መሳቢያ ውስጥ ቢያስቀምጡት አንዱን ቃል በየቦታው ከመጠቀም ይሻላል።

ወደ ፈረንሳዩ ድረ ገጽ ስመለስ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ያስደሰተኝ አንድ ነገር አለ። ድረ ገጹ በፈረንሳይኛ ነው፤ የምድር ባቡር የሥራ ቋንቋ ደግሞ ለረጅም ዘመን ፈረንሳይኛ ነበር። እርስዎ በጌሙ በኩል አባትዎን ሲያግዙ አባትዎም በቋንቋው በኩል ሊያግዙዎት ይችላሉ ማለት ነው። የምዝገባውን ቅጽ አብረው ይሙሉት። እንዲህ ያሉ ድረ ገጾች ሮቦትን ለመለየት ከተጣመመ ፊደል ይልቅ የሙያውን ጥያቄ መጠየቅ ይወዳሉ፤ ለምሳሌ የሐዲዱ ስፋት ስንት ሚሊሜትር ነው ሊሉ ይችላሉ። አባትዎ ያለማመንታት 1,000 ይሉ ይሆናል፤ ለድሬዳዋ ነባር መስመር ትክክል ነው። ጥያቄው የፈረንሳይን መደበኛ መስመር የሚመለከት ከሆነ ግን መልሱ 1,435 ነው፤ አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመርም በዚሁ ስፋት የተዘረጋ ነው። በተረፈ የተጠቃሚ ስምዎን በላቲን ፊደል ያድርጉት፤ ነባር ሥርዓቶች የእኛን ፊደል ላይቀበሉ ይችላሉ።

ለአስተዳዳሪው በሚጽፉት ውስጥ ሰዓቱን በግሪንዊች አቆጣጠር መጻፍዎን አይርሱ። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት የሞከሩት በግሪንዊች 17፡00 ነው። «2 ሰዓት» ብለው ቢጽፉለት ሰርቨሩ ከመዘገበው መካከል እርስዎን ፈልጎ አያገኝዎትም። ቀኑም በፈረንጆች ይሁን። ይህ እንደ ትንሽ ነገር ይታያል፤ ነገር ግን የአስተዳዳሪው የፍለጋ ሥራ የሚቃለለው በዚህ ነው።

ስለ ተቋረጠው ፋይል ብዙ የምለው አለኝ፤ ድካሙ የበዛው እዚህ ላይ ነውና። የጌሙ የባቡር መስመር ፋይሎች ትልልቅ ናቸው፤ በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚያወርድ ግንኙነት 1 ጊጋባይት ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በዚያ መካከል መብራት ቢሄድ ወይም ጥቅል ቢያልቅ ይቋረጣል። የተቋረጠ ፋይል ካቆመበት ሊቀጥል የሚችለው ሰርቨሩ ከፈቀደ ብቻ ነው፤ ብዙዎቹ የትርፍ ጊዜ ድረ ገጾች ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ማስፈንጠሪያ ስለሚሰጡ አይቀጥልም። «የዛሬ ድርሻዎ አልቋል» ያለዎትም የተቋረጠውን እንደ ወረደ ስለቆጠረው ሊሆን ይችላል፤ ድርሻው በኢንተርኔት ቁጥር የሚታሰብ ከሆነ ደግሞ በግቢው በር የወጣ ሌላ ሰው ቀድሞ ወስዶት ይሆናል። በማግስቱ ይሞክሩ፤ ደጋግመው አይጫኑት።

አይዲኤምን የመሰለ የማውረጃ ፕሮግራም ጠቃሚ ቢሆንም ሁለት ወጥመዶች አሉበት። አንደኛው፣ ፋይሉን ቆራርጦ በብዙ መስመር በአንድ ጊዜ ይጎትታል፤ ትንሽ ሰርቨር ይህን እንደ ጥቃት ቆጥሮ ሊያግድዎ ስለሚችል ከቅንብሩ ውስጥ ግንኙነቱን ወደ አንድ ዝቅ ያድርጉት። ሁለተኛው፣ ፕሮግራሙ በብራውዘሩ በኩል መግባትዎን ስለማያውቅ ከፋይሉ ይልቅ «እባክዎ ይግቡ» የሚለውን ገጽ አውርዶ የዚፕ ስም ሊሰጠው ይችላል። 300 ሜጋባይት ይሆናል የተባለ ፋይል ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ሆኖ ወርዶ አልከፈት ካለዎት ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ፋይሉ አልተበላሸም፣ ጭራሽ አልወረደም። እንዲህ ሲሆን በራሱ በብራውዘሩ ያውርዱት። ላፕቶፑ ባትሪው የሚይዝ ከሆነ ከስልክዎ ኢንተርኔት አጋርተው ቢያወርዱ ከዋይፋይ ይሻላል፤ መብራት ሲጠፋ ቤት ውስጥ ያለው የዋይፋይ መሣሪያ አብሮ ይጠፋል፣ ስልክና ላፕቶፕ ግን አይጠፉም። የሌሊት ጥቅል የሚገዙ ከሆነም ላፕቶፑ በራሱ እንዳይተኛ ቀድመው ያስተካክሉት። ፋይሉ ሲጨርስ መጠኑን ድረ ገጹ ላይ ከተጻፈው ጋር ያስተያዩ፣ የታመቀ ፋይል በሚከፍተው ነጻ ፕሮግራም በሰቨን ዚፕ ይፈትሹት፣ ከዚያ በሌላ ዲስክ ላይ ቅጂ ያስቀምጡ። ዛሬ የተገኘ ፋይል ነገ ድረ ገጹ ሲዘጋ አብሮ ሊጠፋ ስለሚችል ይህን ጥንቃቄ አይናቁት።

የወረደውን ሲከፍቱ የጎደለ ነገር አለ ማለቱ ተንኮል አይደለም። ኦፕን ሬይልስ በነጻ የሚሰጥ፣ ምንጩም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ለወጣው የማይክሮሶፍት የባቡር ጌም የተሠሩ መስመሮችንና ሎኮሞቲቮችን ማንቀሳቀስ ይችላል። የእነዚያ ሥራዎች ባለቤቶች ግን ሁሉንም ነገር ከባዶ አልሠሩም። አካሉን ሠርተው ለድምፁና ለነጂው ክፍል ከጌሙ ጋር የመጣውን ዳሽ 9 የተባለውን የአሜሪካ ሎኮሞቲቭ ድምፅና መሪ ይዋሳሉ፤ መስመር የሚሠሩትም ሐዲዱን ከጌሙ ይወስዳሉ፣ ጣቢያውን ከአንድ ወዳጃቸው፣ ፉርጎውን ከሌላ። ስለዚህ ዋናው ጌም በሌለበት ላፕቶፕ ላይ የውሰቱ ቦታ ባዶ ይሆናል። የጎደለው ምን እንደሆነ ለማወቅ ኦፕን ሬይልስ ራሱ ዴስክቶፕ ላይ የሚያስቀምጠውን የሎግ ፋይል ይክፈቱ፤ ያላገኘውን የእያንዳንዱን ፋይል ስምና ፎልደር ይዘረዝራል። ከዚያ ከዚፑ ጋር የመጣውን የማብራሪያ ጽሑፍ ያንብቡ፤ ፈረንሳይኛ ከሆነ አባትዎ ያነቡታል። የሚያስፈልጉት ተጨማሪ ፋይሎችና የሚገኙበት ቦታ ብዙ ጊዜ እዚያ ተጽፏል፤ ብዙ ሰው ሳያነበው ያልፋል። ሎኮሞቲቩ የሚቀመጠው ትሬንስ በተባለው ፎልደር ውስጥ ባለው ትሬንሴት ውስጥ ነው። ሁሉንም ፕሮግራም ፋይልስ በሚባለው ውስጥ አያድርጉት፤ ዊንዶውስ እዚያ መጻፍ ስለሚከለክል ያልተጠበቀ ችግር ያመጣል። በቀጥታ ሲ ድራይቭ ላይ በላቲን ፊደል አጭር ስም ያለው ፎልደር ይክፈቱለት። ዋናውን ጌም ያገለገለም ቢሆን በሲዲ ካገኙት ችግርዎ በብዙ ይቃለላል፤ ካላገኙት ደግሞ ያለ እርሱ ራሳቸውን ችለው የሚሠሩ መስመሮችን ብቻ ይምረጡ።

ፍላሹን አይውሰዱ። ይህን የምለው ጓደኛዎን ጠርጥሬ አይደለም፤ እርሱም ከየት እንደመጣ የማያውቀውን ነው የሚሰጥዎ። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የቆየ ጥቅል ውስጥ ማን ምን እንደጨመረበት አይታወቅም፤ በተለይ በራሱ የሚጫን ፋይል ከሆነ ላፕቶፑን አደራ መስጠት ነው። ሥራው በነጻ ቢሰጥም ባለቤት አለው። በማብራሪያው ጽሑፍ ውስጥ አብዛኞቹ ሠሪዎች «ለራስዎ ይጠቀሙበት፣ ያለ ፈቃዴ አያከፋፍሉት» ብለው ይጽፋሉ፤ በነጻ ለሰጠ ሰው የምንከፍለው ዋጋ ይህችን ቃል ማክበር ነው ብዬ አምናለሁ። አንዳንዶቹ ቅጂያቸው በየቦታው ሲቸበቸብ አይተው ሥራቸውን በሙሉ ከድረ ገጽ አንሥተዋል፤ የሚጎዳው እንደ አባትዎ ያለው ነው። ከዋናው ድረ ገጽ ያወረዱትን አንቲቫይረስ ቢጠራጠረው ግን ወዲያው አይደንግጡ፤ ግለሰቦች የሚሠሩት መጫኛ የታወቀ ኩባንያ ፊርማ ስለሌለው በሐሰት ሊከሰስ ይችላል። ፋይልን በብዙ አንቲቫይረሶች በሚመረምረው ቫይረስቶታል በተባለ ድረ ገጽ ላይ ያስመርምሩት፤ ከብዙዎቹ መካከል አንድ ሁለቱ ብቻ ከከሰሱት ለሠሪው ጽፈው ይጠይቁ፣ ብዙዎቹ ከከሰሱት ያጥፉት።

እነዚህ ሰዎች መዋጮ ይጠይቃሉ፤ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ለአብዛኞቻችን ስለማይቻል እጃችን ባዶ ይመስለናል። የእናንተ ቤት እጅ ግን ባዶ አይደለም። ሎኮሞቲቭ የሚሠራ ሰው ቀን ከሌት የሚፈልገው ፎቶግራፍ፣ ልክ፣ የቀለሙን ትክክለኛ ዓይነት፣ የነጂው ክፍል ውስጥ የትኛው መሣሪያ የት እንደነበረ ነው። አባትዎ የሠሩበት መስመር እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰ፣ 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መስመር ነው፤ ሎኮሞቲቮቹን በእጃቸው የፈቱና የገጠሙ ሰዎች ደግሞ ከእናንተ ሰፈር ሌላ ብዙ ቦታ አይገኙም። አባትዎ የሚያውቁትን የማያውቅ ሠሪ ማርሴይ ወይም ሊዮን ተቀምጦ በአንድ ብዥ ያለ ፎቶግራፍ ላይ ሲጨነቅ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ አባትዎ «አልመጣም?» ሲሉዎ ወንበር ስበው ከጎናቸው ይቀመጡና ይህን ዓይነት ደብዳቤ በፈረንሳይኛ አብረው ይጻፉ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ኢትዮጵያ ነው። በዚህ ቀን፣ በግሪንዊች 17፡00 ሰዓት ገደማ በዚህ ስም ተመዝግቤ ነበር፤ የማረጋገጫው ኢሜይል አልደረሰኝም። በሁለተኛ ስም የሞከርኩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁለተኛውን ሰርዘው የመጀመሪያውን ቢያጸድቁልኝ አመሰግናለሁ። የኢንተርኔት ቁጥራችንን ብዙ ሰዎች ስለምንጋራው ታግዶ ሊሆን ይችላል። አባቴ በጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመር የዲዝል ሎኮሞቲቭ መካኒክ ነበሩ፤ ስለ አልስቶም ሎኮሞቲቮቹ የሚጠይቁት ካለ በደስታ ይመልሳሉ።» ፎቶግራፍ ካላችሁ በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ አንድ ብቻ፣ መጠኑ ያነሰ አያይዙ፤ ከባድ ኢሜይል ከማያውቁት ሰው ሲመጣ ሳይነበብ ሊጠፋ ይችላል። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይጠብቁ፤ አስተዳዳሪው ሥራና ቤተሰብ ያለው ሰው ነውና ቶሎ አለመመለሱን እንደ እንቢታ አይቁጠሩት። ዝም ካለ በአጭሩ አንድ ጊዜ ያስታውሱት።

እስከዚያው የወረደውን መስመር ለማስነሣት ሲሞክሩ ከሎጉ ውስጥ ያልገባዎት ካለ፣ ጎደለ የሚለውን ክፍል ብቻ ቀድተው ወደዚህ ዓምድ ይላኩልኝ፤ አንብቤ የትኛው ፋይል ከየት እንደሚገኝ እጽፍልዎታለሁ። ለአባትዎ አክብሮቴን ያድርሱልኝ።